ጭንቀት በድንገት ሲነሣ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ጭንቀት የሚወጡ ጽሑፎች ጭንቀቱ በድንገት ሲነሣ ሰው ባለበት ቦታ ምን ማድረግ እንደሚችል እምብዛም ስለማይናገሩ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

እኔ በምኖርበት በኮዬ ፈጬ፣ ገና ሳይነጋ ወደ መሐል ከተማ ለመሄድ የታክሲ ሰልፍ ይዞ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቹ ክፍያ የሚያሰላስል ሰው ልቡ በኃይል ሲመታና እጁን ሲያልበው ይታወቀዋል፤ አንጎል አደጋ እንደመጣ ሲቆጥር ሰውነት አድሬናሊን የተባለውን ልብ የሚያፈጥን ሆርሞን ስለሚያመነጭ ነው። በዚያች ሰዓት «አታስብ» የሚለው ምክር አይጠቅምም። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከሚያስተምሯቸው ዘዴዎች አንዱ 5 የሚታዩ፣ 4 የሚዳሰሱ፣ 3 የሚሰሙ፣ 2 የሚሸተቱና 1 የሚቀመስ ነገር ረጋ ብሎ በየተራ መለየት ነው። ቁጥሩ ቢዛነፍ ግድ የለም። ለእኔ ከሁሉ የሚበረታው ሽታ ነው፤ በረንዳዬ ላይ በቀለም ቆርቆሮ የተከልኋትን ጤና አዳም በጣቴ አሸት አድርጌ ሳሸታት፣ ጠንካራው መዓዛዋ የተበተነውን ሐሳቤን ወዲያው ይሰበስበዋል። ቡና ተቆልቶ ሲዞርልን ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን የምንስብ ሰዎች ለዚህ እንግዳ አይደለንም።

ዘዴው ሕክምናን አይተካም፤ ጭንቀቱ እየተደጋገመ እንቅልፍና ሥራ የሚነሣው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ዝግጅት ክፍሉ ባለሙያ ጋብዞ ይህን ልምምድ በተከታታይ እንዲያስተምርልን፣ በተለይም ለተፈታኝ ተማሪዎች እንዲደርስ፣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮዬ ፈጬ