መጦሪያ አልገባንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ በአሜሪካ ስለሚኖሩ አረጋውያን ወገኖቻችን የወጣውን ጽሑፍ ከባለቤቴ ጋር ሆነን አነበብነው። ስለ ብቸኝነት የተባለው እውነት ነው። የምቃወመው፣ ልጆች እያሏቸው በኮሃውዚንግ መንደር ቤት የገዙ ባልና ሚስት «መጦሪያ የገቡ» ተብለው መጠራታቸውን ነው። እኛም ከእነዚህ መካከል ነን፤ ከገባን ሦስተኛ ዓመታችንን ይዘናል።

መጦሪያ ሽማግሌው ከሌላው ሰው ተለይቶ በተቀጠረ ሠራተኛ እየተረዳ የሚኖርበት ቤት ነው። ኮሃውዚንግ ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ በርና የራሱ ወጥ ቤት ያለው መኖሪያ ገዝቶ፣ በዚያ ላይ ሰፊ ወጥ ቤት፣ የመመገቢያ አዳራሽ፣ የልጆች መጫወቻና የእንግዳ ክፍል ያለውን የጋራ ቤት ከጎረቤቶቹ ጋር በእኩልነት የሚያስተዳድርበት አኗኗር ነው። በዴንማርክ ሲጀመር ነገሩን የገፉት ጡረተኞች ሳይሆኑ፣ ልጆቻቸው ብቻቸውን ማደጋቸው ያሳሰባቸው ወጣት ወላጆች ነበሩ፤ ሴተዳመን የተባለው መንደር ነዋሪዎቹን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በአሜሪካ ለዚሁ ታስቦ የተሠራው የመጀመሪያው መንደር በ1991 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ከተማ ተከፈተ። የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርበት አካባቢም ቢሆን በዋሽንግተን ዲሲ 43 ቤቶች ያሉት ታኮማ ቪሌጅ አለ፤ በሲልቨር ስፕሪንግ ደግሞ አሮጌ የቢሮ ሕንፃ ታድሶ በ2004 የ56 ቤተሰቦች መኖሪያ የሆነው ኢስተርን ቪሌጅ ይገኛል።

ልጆቻችን አልጣሉንም። ትልቁ ልጃችን ቴክሳስ ወስዶን ምድር ቤቱን አሳምሮ ሰጥቶን ነበር። አራት ወር ተቀመጥን። ጠዋት ሁሉም ወጥተው እስከ ማታ ድረስ ከባለቤቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን የሳተላይት ቴሌቪዥን ስናይ እንውላለን፤ መኪና ካልነዱ ዳቦ እንኳ የማይገዛበት ሰፈር ነው። ልጃችን አሁንም ድረስ «ሰው ምን ይለኛል» እያለ ይቆጣል፤ ጽሑፋችሁም ይህንኑ ሐሜት የሚያጠናክርበት ስለሆነ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አሁን በምንኖርበት ግቢ በሳምንት ሁለት ማታ በጋራ ይበላል። የእኔ ተራ ሽንኩርት መክተፍና ሳህን ማጠብ ነው፤ ባለቤቴ ምስር ወጥ የሠራች ዕለት የተመዝጋቢው ቁጥር ከአዳራሹ ወንበር በልጦ ነበር። ከበላያችን የምትኖረው የስምንት ዓመት ልጅ ቁልፏን በረሳች ቁጥር እኛ ዘንድ መጥታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በመጀመሪያው ሰሞን ባለቤቴን በስሟ ብትጠራት ባለቤቴ ክፉኛ ደነገጠች፤ ዛሬ «እትዬ» ማለትን ለምዳለች፣ እናቷም ጭምር።

ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም። ውሳኔ የሚተላለፈው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት ስለሆነ ስብሰባው ያሰለቻል፤ የብስክሌት ማቆሚያ የት ይሁን በሚለው ብቻ ሦስት ስብሰባ ተቀምጠናል (የዕድር ዳኛ የነበርኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይቼ አላውቅም)። ባለቤቴ ቡና በቆላች ቁጥር የጭስ ማስጠንቀቂያው ሕንፃውን ስለሚያናጋው፣ ቡናችን የሚቆላው በረንዳ ላይ እንዲሆን ተወስኖብናል። ቤቱም ርካሽ አይደለም፤ ከግዢው ሌላ ወርኃዊ መዋጮ አለ። ከሁሉም በላይ ጎረቤት ሾርባ ያመጣል፣ ሐኪም ቤት ያደርሳል እንጂ ነርስ አይደለም፤ አንዳችን አልጋ ላይ ብንውል አስታማሚ መቅጠራችን አይቀርም፣ የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬርም የረጅም ጊዜ አስታማሚ ወጪ አይሸፍንም። ይህን ተነጋግረንበት፣ ለልጆቻችንም ነግረናቸው ነው የፈረምነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ በሚቀጥለው እትም ቃሉን እንዲያርም እጠይቃለሁ። ነገሩን እያሰቡ ያሉ አንባቢዎች ካሉ ደግሞ ቤቱን ከማየታቸው በፊት በእንግድነት ተጠርተው አንድ ማታ የጋራ እራት ይብሉ፤ ከዚያም አንድ ሙሉ ስብሰባ ይቀመጡ። እኛ ይህን ሦስት ጊዜ አድርገናል፤ ባለቤቴ «ይሁን» ያለችው በሦስተኛው ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ አንባቢ፣ ከሜሪላንድ