ምን ተጣርቶ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ስለ እስር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቡና እየጠጣሁ፣ ሁለተኛውን ቆሜ። ጽሑፉ አሜሪካ ድረስ ሄዷል። አብርሃም ሊንከንም በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲታሰር አድርጓል፣ ማንም አልተቃወመም ይላል። ከዚያ ወደ እኛ ይመለስና በ2014 አዲስ አበባ ውስጥ የተያዙት ሰዎች ጉዳያቸው ተጣርቶ ተለቀቁ ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጋዋል። ያስቆመችኝ ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት።

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ወደ ግንፍሌ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራያለሁ። ያን ጊዜ አብረን ስንኖር ሰባት ዓመት ሆኖን ነበር። «እትዬ» ነው የሚለኝ። ወላጆቹ ከትግራይ፣ ከአድዋ የመጡ ናቸው፤ እሱ የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

አዋጁ የታወጀው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች ተያዙ የተባለበት ሰሞን ነበር። ሁላችንም ፈርተን ነበር። የእህቴ ልጅ ወሎ ግንባር ነበር፣ ስልኩ አይሠራም። እናቱ ሌሊት ሌሊት እየደወለች ታለቅስብኝ ነበር። ስለዚህ ጦርነት ምን እንደሆነ አታውቂም እንዳትሉኝ። መንግሥት ያን ጊዜ የጠረጠረውን ሰው መያዝ አልነበረበትም ብዬም አልከራከርም።

ወዲያው አከራዮች ተከራዮቻችንን ፖሊስ ጣቢያ ሄደን እንድናስመዘግብ ታዘዝን። ሄድኩ፣ ወረፋ ያዝኩ። ቅጹን የሞላሁት በገዛ እጄ ነው። ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ሥራ፣ የትውልድ ቦታ። የመታወቂያውን ኮፒ አያያዝኩበት። በአምስተኛው ቀን ማታ መጥተው ወሰዱት። የስፌት ማሽኑ ላይ አንድ እጅጌው ያልተሰፋ የተማሪ ዩኒፎርም ቀርቶ ነበር። ለምን እንደሚፈለግ ስጠይቅ «ለጥያቄ ነው እናቴ፣ ነገ ይመለሳል» አሉኝ።

ሰባት ሳምንት ቆየ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በየጣቢያው ዞርኩ። እንዲህ የሚባል ሰው የለም ይሉኛል። በአራተኛው ቀን አንድ በር ላይ የቆመ ልጅ አዘነልኝ። ሳህኑ ክዳን ላይ በፕላስተር የተከራዬን ስም ለጥፌ ምሳ ሰጠሁት። ማታ ባዶ ሳህኑ ታጥቦ ወጣ። ፌስታሉ የተቋጠረው እሱ የደንበኛ ልብስ ሲሰጥ እንደሚቋጥረው ነበር። በሕይወት መኖሩን ያወቅኩት በዚያ ቋጠሮ ነው። ማንም በቃሉም በወረቀትም አልነገረኝም።

ለገና ሳምንት ሲቀረው «ዕቃህን ያዝና ውጣ» ብለው ለቀቁት። ምን ጠየቁህ አልኩት። አንድ ቀን ብቻ፣ ስሙንና የትውልድ ቦታውን። እሱን ደግሞ እኔው ሞልቼ ሰጥቻቸው ነበር! ዳኛ ፊት አልቀረበም። በምን እንደተጠረጠረ እስከ ዛሬ አያውቅም። እና ምንድነው የተጣራው?

ሕገ መንግሥቱን የገዛሁት ያን ሰሞን ነው፣ ፒያሳ መንገድ ላይ መጽሐፍ ከሚሸጡ ልጆች። ጠበቃ አይደለሁም፤ ማንበብ ግን እችላለሁ። አንቀጽ 93 አዋጅ በታወጀ ጊዜ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። የሚያቋቁመው ፓርላማው ነው። ፓርላማው ደግሞ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ከቦርዱ ሥራዎች የመጀመሪያው ሆኖ የተጻፈው የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግና የታሰሩበትን ምክንያት መግለጽ ነው። ስም ብቻ አይደለም፣ ምክንያት ጭምር። ጽሑፋችሁ ስለዚህ አንዲት ቃል የለውም። የእኔ ቅጽ በአምስት ቀን ውስጥ ሰው አስወስዷል። የዚያ ሰው ስም ግን በአንድ ወርም፣ በሁለት ወርም የትም ተለጥፎ አላየሁም።

በአዋጅ ጊዜ መብት ሁሉ ይታገዳል የምትሉትም ትክክል አይደለም። እዚያው አንቀጽ ላይ የማይነኩት ተዘርዝረዋል። ከእነሱ አንዱ አንቀጽ 25 ነው፤ ሰው በብሔሩ ልዩነት ሳይደረግበት በሕግ ፊት እኩል ነው የሚለው። እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል፣ ከታሰሩት መካከል ልጅ የያዙ እናቶችና አዛውንቶች እንዳሉ በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ራሱ በመግለጫ ተናግሯል። ጽሑፋችሁ ይህንንም ዘሎታል።

አሁን ወደ ሊንከን። ማንም አልተቃወመም ማለታችሁ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ጆን ሜሪማን የሚባል የሜሪላንድ ሰው በወታደሮች ተይዞ ምሽግ ውስጥ ሲታሰር፣ ፕሬዚዳንቱ ይህን የማድረግ ሥልጣን የለውም ብለው የጻፉት ዋና ዳኛው ሮጀር ታኒ ናቸው። በ1863 ደግሞ ኮንግረሱ ለሊንከን ሥልጣኑን ሲሰጠው በሕግ ገደበው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በሚሠሩባቸው ግዛቶች የታሰሩ ሰዎች ስም ዝርዝር ለዳኞች ይቅረብ አለ። አዲስ ለሚታሰር ሰው ጊዜው 20 ቀን ነበር። እናንተ ምሳሌ ያደረጋችሁት አገር እንኳ፣ ያ ሁሉ ሰው እያለቀ፣ ዝርዝር አምጡ ብሏል።

ላምብዲን ሚሊጋንንም ትታችሁታል። የኢንዲያና ጠበቃ ነው። በ1864 ወታደሮች ከቤቱ ወስደውት ወታደራዊ ጉባኤ ሞት ፈረደበት። በ1866 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነፃ አወጣው። መደበኛ ፍርድ ቤቶች ክፍት ሆነው ሳለ ሠራዊቱ ሲቪልን ሊዳኝ አይችልም አለ። ውሳኔውን የጻፈው ዴቪድ ዴቪስ ሊንከን ራሱ የሾመው ወዳጁ ነው። በ2014ም ልደታ ያለው ፍርድ ቤት ሥራ አላቆመም ነበር። ተከራዬን ግን በር ላይ እንኳ የወሰደው የለም።

አዋጁ የተነሳው የካቲት 8 ነው። ተከራዬ ከእስር ሲወጣ ደንበኞቹ ሄደዋል፣ የሦስት ወር ኪራይ አልተቀበልኩትም። የዩኒፎርሙ ባለቤት ልጅ ሌላ ቦታ አሰፍቷል። በ2016 የኪራይ ውል ለማስመዝገብ ወረዳ ስንሄድ ተከራዬ ቅጹን ከእጄ ወስዶ ራሱ ሞላው። ምንም አላለኝም። እኔም ምንም ማለት አልቻልኩም።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። አንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 6ን እንዳለ አትሙት። ቀጥሎ አንድ ጋዜጠኛ ላኩና ከታሰሩት ሰዎች አንዱን እንኳ አነጋግሩ፤ ሰፈራችን ሩቅ አይደለም። ተለቀቁ የሚለው ይቆይ። «ጉዳያቸው ተጣርቶ» የሚለውን አውጡት።

አንዲት አከራይ፣
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ