ከመጋረጃው ጀርባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ አስፈሪ ፊልሞች ያወጣችሁትን አነበብኩ። ደም በበዛ ቁጥር ፍርሃቱ ይጨምራል መባሉ ግን አልተዋጠልኝም።

የዳይሬክተሩን የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሳይኮ» እንውሰድ። በ1960፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። በአንዱ ትዕይንት አንዲት ሴት ገላዋን እየታጠበች ነው። ውሃው ይንሿሿል። ከላስቲክ መጋረጃው ጀርባ ጥላ ብቅ ይላል። እሷ አላየችም፤ እኛ አይተናል። ከዚያ መጋረጃው ይገፈፍና ቢላው ይሰነዘራል። ሲወጋት በደንብ አይታይም። የምናየው ቁርጥራጭ ምስል ነው፤ የቀረውን የምንሞላው እኛው ነን። ደሙ ደግሞ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው! ሂችኮክ ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ያሰበው ያለ ሙዚቃ ነበር። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ በርናርድ ኸርማን ግን ያንን የቫዮሊን ጩኸት ይዞለት መጣ። እስቲ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት፤ ሌላ ፊልም ይሆንባችኋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቦታው ነው። የጭራቅ ዋሻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ትተነው እንወጣ ነበር። መታጠቢያ ቤት ግን በየጊዜው እንገባለን። ፊልሙን ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ፊቴን ሳሙና ተቀብቼ ዓይኔን ስጨፍን፣ «በሩን ቆልፌው ይሆን?» እላለሁ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። እሷም ብትሆን መጋረጃውን ገልጣ ሳታይ አትገባም።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ