ግሪን ካርድ ይዛችሁ የመንግሥት ሥራ ለምትፈልጉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የአክስቴ ልጅ እዚህ አሜሪካ በግሪን ካርድ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ስታመለክት ከረመች። ሌሊት ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፍታ ቅጽ ስትሞላ ሳይ አንጀቴን ትበላኝ ነበር። ለካ አብዛኛው የፌዴራል ሥራ ዜግነት ይጠይቃል፣ በፈረንጆቹ 1976 በወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ! ማንም አልነገራትም።

የከተማና የካውንቲ ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ለብዙዎቹ የሥራ ፈቃድ ይበቃል። ዋሽንግተን ዲሲማ በፈረንጆቹ 2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የኛን ሰው በአማርኛ ማስተናገድ አለበት፣ ስለዚህ አማርኛችሁን ሲቪያችሁ ላይ በደንብ ጻፉት። ማስታወቂያው ላይ መጀመሪያ ማን ማመልከት እንደሚችል እዩ። ማመልከት በነጻ ነው፣ «አስገባችኋለሁ» ብሎ ብር ለሚጠይቅ ደላላ ሳንቲም እንዳትሰጡ።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ