የጤና ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ድምፅ ማጉያ መያዝ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬም ሆነ ከሞጣ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያስቡ ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች የጤና ትምህርትን ዘርፍ ብዙ ጊዜ የሚመርጡት «ቀላል ነው፣ ማስተማር ብቻ ነው» ስለሚባሉ ነው። ድምፅ ማጉያ ይዞ መለፈፍማ ማንም ይችላል። የዘርፉ ሥራ ሰው የሚያውቀውን ነገር ለምን እንደማያደርገው መርምሮ ማግኘት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ግን ይህንን ምርመራ እየሸሹት ነው።

ከደጃችን ያለውን የእግር ዝሆኔ እንውሰድ። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚውል ገበሬ ይጋለጥበታል። ይህ ዝሆኔ ከትንኝ የሚመጣ አይደለም፤ የቀይ አፈሩ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ (የሰውነት ፈሳሽ) መተላለፊያዎችን ስለሚጎዱ ነው። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ነው፤ ለታመመውም እጥበቱና ቅባቱ ትኩሳትና ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሣበት ይረዳል። ይህን ሁሉ ሰንበቴ ላይ በግማሽ ሰዓት ማስተማር ይቻላል። ከዚያስ?

የተለመደው መጠይቅ «ጫማ ያደርጋሉ?» ይላል። መልሱ «አዎ» ነው፤ እንግዳ ፊት ማን «በባዶ እግሬ ነው የምሄደው» ይላል? ጫማው ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃል። ጥያቄው «ትናንት ማሳ ሲውሉ እግርዎ ላይ ምን ነበር?» ተብሎ ሲለወጥ፣ ጠያቂውም ጎንበስ ብሎ የተረከዙን ስንጥቅ ሲመዘግብ ሌላ ወሬ ይመጣል፦ ጭቃው ጫማውን ይውጠዋል፣ ኮንጎው ያልባል፣ ያበጠ እግር ደግሞ ከገበያ በተገዛ ጫማ አይገባም። ለጤና ፕሮግራም ማቀጃ የሚያገለግለው የሎሬንስ ግሪን የፕሪሲድ ሞዴል የሰውን ባሕርይ ምክንያቶች አነሣሽ፣ አስቻይና አጽኚ ብሎ የሚከፍላቸው ለዚህ ነው። ማወቅ አነሣሽ ነው። በእግሩ ልክ የተሠራ ጫማ ማግኘት አስቻይ ነው። የጎረቤት ሙገሳ ወይም ሣቅ አጽኚ ነው። ብዙ ተማሪ ሦስቱንም ምዕራፍ ሁለት ላይ አሳምሮ ይጽፍና መጠይቁ ላይ የመጀመሪያውን ብቻ ይጠይቃል፤ ከዚያ «ግንዛቤ ማስጨበጥ ያስፈልጋል» ብሎ ይደመድማል።

ናሙናውም፣ ማለትም የሚጠየቀው ሰው ብዛት፣ ሌላ ጣጣ ነው። 50 በመቶ ስርጭት፣ 95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ፣ 5 በመቶ ስሕተት ተብሎ 384 ይወጣል፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ሲጨመር 422 ወይም 423 ይሆናል። ቁጥሩ በየጥራዙ እየተደጋገመ ቀኖና መስሏል። ቀመሩ የሚሠራው ግን ሰዎቹ ከአንድ ዝርዝር በቀጥታ በዕጣ ሲወጡ ነው። መጀመሪያ ቀበሌ፣ ቀጥሎ ጎጥ፣ ቀጥሎ ቤት ከተመረጠ የአንድ ጎጥ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ በዲዛይን ኢፌክት (ይህን መመሳሰል በሚያካክስ ቁጥር) መባዛት አለበት፤ በ2 ሲባዛ 845 ይደርሳል። ተራርቀው በተሠሩ የገጠር ቤቶች አንድ ጠያቂ በቀን ከ10 መጠይቅ በላይ በወጉ መሙላት ይከብደዋል፤ ስለዚህ 6 ጠያቂ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በጀቱ ለ4 ቀን ከተያዘ የቀሩት 600 ያህል መጠይቆች ዋርካ ሥር በግምት ይሞላሉ። ይህን የማያውቅ አማካሪ የለም።

መጠይቅ የሚሞላበት ወቅትም ይታሰብበት፦ በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለ ገበሬ ቀን ቤቱ አይገኝም፣ በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ። እንግዲያው የጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ በጥር እጅ ላይ መግባት አለበት። ደብዳቤው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ሲወርድ በየቢሮው ፈራሚው «ስብሰባ ላይ» ነው። መንገድ መከፈቱ በማያስተማምንበት በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ተለዋጭ ወረዳ ፕሮፖዛሉ ውስጥ አስቀድሞ ይግባ፤ ኋላ ልቀይር ቢሉ ማሻሻያውን እንደገና ማስፈቀድ ይመጣል።

ትርጉሙን ለመፈተሽ መጠይቁን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሌላ ሰው ይሁን እንጂ ወደ አማርኛ የመለሰው ራሱ አይሁን። «በጣም እስማማለሁ» ብሎ የሚጀምረው ባለ አምስት እርከን ምርጫ ለቢቡኝ ወረዳ ባልቴት ግራ ነው፤ «ይሁን ልጄ፣ እስማማለሁ» እያሉ ሁሉንም ያሳልፉታል። መጀመሪያ «ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?»፣ ቀጥሎ «በጣም ወይስ በመጠኑ?» ብሎ ከፍሎ መጠየቅ ይረዳል። ቅድመ ሙከራውም ጥናቱ በማይደርስበት የገጠር ቀበሌ ይሁን፤ የጤና ጣቢያ ባልደረባ ላይ መሞከር ምንም አያሳይም። ለቡድን ውይይት ከ6 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ አማትና ምራት ግን አንድ ላይ ከተቀመጡ ምራት አትናገርም።

ስለ መግቢያው ብዙ የሚባል የለም። ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ዘርፉን ያስተምራሉ። የትምህርት ሚኒስቴርን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ተቋም በቀጥታ ስለሚላክ በመጨረሻው ሳምንት የሚጠይቅ ሰው ይቆጨዋል።

ለትምህርት ክፍሎች አንድ ጥያቄ አለን። «ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር በእንዲህ ያለ ወረዳ» የሚል ርእስ ሲመጣ፣ ተማሪው ካገኘው ውጤት አንድ መልእክት ቀርጾ፣ ሁለት ጎጥ ላይ ሞክሮ፣ ሰዎቹ ከሳምንት በኋላ ምን እንዳስታወሱና ምን እንዳደረጉ መዝግቦ እንዲያቀርብ ይገደድ። 30 ሰው፣ አንድ ሥዕልና ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ተመድበው 16 የጤና አገልግሎት ፓኬጅ ተሸክመዋል። የመመረቂያ ጥራዙ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ እነሱ ዛሬም ቤት ለቤት የሚዞሩት ያንኑ የድሮ ፖስተር ይዘው ነው።

የኅብረተሰብ ጤና መምህራን
ከጎጃም