ቤት ሲታይ ከቀለሙ በፊት ውሃው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ቤት ግዢ የምታወጧቸው ጽሑፎች በውልና በሰነድ ላይ ያተኩራሉ። ያስፈልጋል፤ ግን ሰነዱ ንጹሕ ሆኖ ግድግዳው የበሰበሰ ቤት ሞልቷል። ገዢ ቤት ለማየት ሲሄድ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለሙ፣ ሴራሚኩና የወጥ ቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ነው። እነዚህን መለወጥ ቀላል ነው። ኪስ የሚያራቁተው ውሃ የገባበት ቤት ነውና ፍተሻው ከዚያ ቢጀመር ይሻላል።

መጀመሪያ ቤቱን ከውጭ ዞር ብሎ ማየት ነው። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከግድግዳው እየራቀ መውረድ አለበት፤ በአንድ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያዘቀዝቅ ጥሩ ነው። ወደ ቤቱ ካዘነበለ ዝናቡ መሠረቱ ሥር ይተኛል፣ አፈሩ በአንድ ወገን ይላላል፣ ቤቱም በዚያው በኩል ይሰምጣል። የአሸንዳው መውረጃ ውሃውን የት እንደሚያፈስም ይታይ።

ውስጥ ሲገባ የእርጥበቱ ቦታ ምንጩን ይናገራል። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የወጣ፣ ቀለሙን ያሳበጠና ነጭ ጨው የተፋ እርጥበት ከመሬት የተሳበ ነው። ኮርኒስ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ነጠብጣብ ካለ ጣሪያው ወይም ከላይ ያለ ቧንቧ ያፈሳል። ከሙሉ ቤቱ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደተቀባ ሻጩ ይጠየቅ። ግድግዳ የተጠጋ ቁም ሳጥንም ፈቀቅ ይደረግ፤ ሻጋታ የሚደበቀው እዚያ ነው።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። ልስኑ ሲደርቅ የሚወጣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ጉዳት የለውም። የሚያሳስበው ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄደው ነው። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይወጣል። በውስጥ የታየው በውጭም በዚያው ቦታ ከታየ የተሰነጠቀው ልስኑ ብቻ አይደለም፣ ግድግዳው ነው። ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ፣ ወይም ተደፍኖ እንደገና ከተከፈተ፣ የመዋቅር መሐንዲስ ሳያየው ቀብድ አይከፈል። በሮቹን መክፈትና መዝጋትም አይረሳ፤ ከላይ ያለው ክፍተት በአንድ በኩል ጠቦ በሌላው ከሰፋ ቤቱ ተንቀሳቅሷል።

የበረንዳና የውሃ ታንከር መቀመጫ ሥር ቀና ብሎ ማየት ብዙዎች ይዘነጉታል። ፌሮውን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ወይም የዝገት ቀለም ካለ ውስጡ ያለው ብረት ዝጓል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ያፈርሰዋል። ከላይ ሲሚንቶ መለጠፍ ጉዱን መሸፈን እንጂ ጥገና አይደለም።

ከዚያ ቧንቧ። የላይኛው ፎቅ ሻወርና የወጥ ቤቱ ቧንቧ አንድ ላይ ተከፍተው የሽንት ቤቱ ውሃ ይለቀቅ፤ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ይታያል። የእጅ መታጠቢያውን ሞልቶ መልቀቅም አለ፤ እየጎረጎረ ቀስ ብሎ ከወረደ መስመሩ ታፍኗል ወይም አየር መውጫ የለውም። በመጨረሻ ሁሉም ተዘግቶ የቆጣሪው ቁጥር ይመዝገብና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይታይ። ማንም ሳይጠቀም ከሄደ የሆነ ቦታ ውሃ ይፈሳል። ሴፕቲክ ታንክ ካለም የት እንዳለና መቼ እንደተመጠጠ ይጠየቅ።

በኤሌክትሪኩ በኩል የብሬከር ሳጥኑ ይከፈት። የጠቆረ ወይም የቀለጠ ነገር ካለ ችግር አለ። የሶኬት መስመር ሽቦ ብዙ ጊዜ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው፤ ለዚህ 16 ወይም 20 አምፒር ብሬከር ይበቃል። «እየጣለ አስቸገረ» ተብሎ 32 ከተተከለበት ብሬከሩ ሳይጥል ሽቦው ይግላል፤ እሳት የሚነሣው እንዲህ ነው። ሶኬት የመሬት መስመር ቀዳዳ ስላለው ብቻ መስመሩ ተገናኝቷል ማለት ስላልሆነ ይህን ኤሌክትሪሺያን ይለካው።

«የዚያ ክፍል ቁልፍ ዛሬ የለም» ከተባለ ቁልፉ ሲገኝ መመለስ ነው። እንዲያውም ሁለተኛው ጉብኝት ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ቢሆን ይመረጣል፤ ትኩስ ቀለም የሸፈነውን ዝናብ ያወጣዋል። የተገኘው ጉድለት ፎቶ ተነሥቶ ማን እንደሚያስጠግነውና እስከ መቼ እንደሆነ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ።

በሕንፃ ሙያ ላይ ያለ አንባቢያችሁ