የ"ኦልድ" ኦፖዚት ሁሌ "ኒው" አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ከልጄ ጋር ነው። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። በቀደም የልጆች ገጽ ላይ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከተቃራኒያቸው ጋር የሚያዛምድ መልመጃ አውጥታችሁ ነበር። በግራ አሥር ቃል፣ በቀኝ አሥር ቃል፣ መሀል ላይ መስመር ማስመር ነው። ልጄ አሥሩንም አገኘች። "ኦልድ"ን ከ"ኒው" ጋር አገናኝታ ደስ ብሏት ተነሳች።

ማታ ደብተሯን ሳይ ስለ ቤተሰቧ ጽፋለች። "ማይ ግራንድማዘር ኢዝ ኦልድ። ማይ ሲስተር ኢዝ ኒው።" ሳቄ አመለጠኝ። ታናሿ ገና የስምንት ወር ልጅ ናት፤ አዲስ ናት ቢባልስ ምን ይገርማል። ግን "ያንግ" ነው የሚባለው አልኳት። "ጋዜጣው ላይ ኦፖዚቱ ኒው ነው ይላል እኮ!" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይላል።

እንግሊዝኛ ጫማውንም ሰውየውንም "ኦልድ" ይላል። የሚለያያቸው ኦፖዚቱ ላይ ሲደርስ ነው፤ ለጫማው "ኒው"፣ ለሰውየው "ያንግ"። አማርኛ ከመነሻው ይለያቸዋል። ጫማው አሮጌ፣ ሰውየው ሽማግሌ። ልጄ አያቷን "አሮጌ" ብትል ዝም አልላትም። ደግሞ የሚገለበጥበት ጊዜ አለ። ለእኛ የአጭር ተቃራኒ ረጅም ነው፣ ሰውም ይሁን ገመድ። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን "ቶል"፣ ገመዱን "ሎንግ" ይለዋል። ስለዚህ "የሾርት ኦፖዚት ምንድነው?" ለሚል ልጅ መልሱ "የምኑ ሾርት?" ነው።

ነገሩን ያከረርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የምተዳደረው በትርጉም ሥራ ነው። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት በርሜል ላይ የሚለጠፍ የጥንቃቄ ጽሑፍ እንድተረጉም ተሰጠኝ። "ኢንፍላመብል" ይላል። እኔም ኮራ ብዬ "የማይቀጣጠል" ብዬ ጻፍኩ። "ኮምፕሊት" ሲገለበጥ "ኢንኮምፕሊት" አይደል? በዚያ ላይ የራሳችን "ኢ" አለች፤ ኢ-ፍትሐዊ፣ ኢ-ሰብአዊ። ፊት ላይ "ኢን" ካየሁ አፍራሽ ነው ብዬ ደምድሜአለሁ።

ወረቀቱን ይዤ ስሄድ የመጋዘኑ ጠባቂ፣ እንግሊዝኛ የማያነቡ ሽማግሌ፣ አማርኛውን አነበቡትና ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ ክዳኑን ስከፍተው ሽታው አናቴን የሚያዞረኝ ነገር እንዴት ሆኖ ነው የማይቀጣጠለው?" መዝገበ ቃላት ያላዳነኝን አፍንጫቸው አዳነኝ። "ኢንፍላመብል" ማለት በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው። ፊቱ ላይ ያለችው "ኢን" ከላቲን የመጣች ናት፤ እዚህ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ የሚል ስሜት እንጂ "አይደለም" የሚል ትርጉም የላትም። የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ዛሬ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ላይ "ፍላመብል" ብቻ እንዲጻፍ የሚመከረው ለዚሁ ነው። ተቃራኒው "ኖንፍላመብል" ነው።

"ኢንቫልዩብል"ም ታሳስታለች። ዋጋ ቢስ ትመስላለች፤ ትርጉሟ ግን ዋጋ የማይተመንለት ነው። ዋጋ ቢሱ "ወርዝለስ" ነው።

አንዳንዱ ቃል ደግሞ ተቃራኒውን በሆዱ ይዞ ይዞራል። "ሬንት" ሲል ተከራየ ነው ወይስ አከራየ? ሁለቱንም ይሆናል። እኛ በአንዲት ፊደል እንለያቸዋለን። "ሳንክሽን" ማዕቀብም ነው፣ ፈቃድ መስጠትም ነው። ዜና የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችሁ ይህቺን ቃል ሲያዩ ትንሽ ፈራ ቢሉ ደስ ይለኛል።

ፒተር ማርክ ሮዤ የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1852 እ.ኤ.አ. ታዋቂውን ቴሳውረስ፣ ማለትም ቃላትን በሐሳብ እየመደበ የሚያቀርብ መጽሐፉን ሲያሳትም ዕድሜው 73 ነበር። ተቃራኒ የሆኑትን በሁለት ዓምድ ፊት ለፊት አቁሟቸዋል፣ ልክ እንደ እናንተ መልመጃ። ልዩነቱ ምንድነው፣ እሱ ያፋጠጠው ሐሳብን ከሐሳብ ነው። በየሐሳቡ ሥር ደግሞ ቃላቱን መንጋ አድርጎ ሰበሰባቸው። አንድን ቃል ከአንድ ቃል ጋር ብቻ አላጋባም።

የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አትሙ። "ዚስ ባግ ኢዝ ላይት" ካላችሁ ልጁ "ሄቪ" ይላል። "ዚስ ሩም ኢዝ ላይት" ካላችሁ "ዳርክ" ይላል። ቃሉን ብቻውን ካቆማችሁት ግን ይገምታል፣ ግምቱም ልክ ሆኖ ያሳስተዋል። ቦታ እንደሚጠብባችሁ ይገባኛል። አሥሩን ቃል አምስት አድርጉት፣ የሚከፋ ልጅ የለም።

እኛ ቤት ጨዋታው አሁን ሌላ ቦታ ደርሷል። "ሀንግሪ" ሲሆን "ፉል" አልን፣ ቀላል ነው። "ተርስቲ"ስ? አለችኝ። እንግሊዝኛ ለዚህ ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት አንድ ቃል የለውም። አማርኛ "ረካ" ይላል። ይህንን ነገርኳት። እሷ ግን ባዶው መስመር ላይ የሆነ ነገር መጻፍ አለብኝ ብላ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል "ረካ" ብላ ጻፈችበት።

አንዲት የዘወትር አንባቢያችሁ